ከመሀል ሜዳ የሚታየው

«አሥራ አንድ ዓመት! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሜሪካ ቤዝቦል ሲጫወት ከርሞ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ትልቁ ሊግ ሳይገባ!»

«ቀስ በል አንተ፣ ትሰማሃለች።»

የሟቹ ሚስት ኤኔይዳ ሰምታለች። ድንኳኑ ከኩሽናው መስኮት አይርቅም፤ እዚያ ተቀምጠው ዶሚኖ የሚጫወቱት ለቀስተኞች ደግሞ ሹክሹክታ አያውቁም። ዕድሜያቸውን ከስኳር ፋብሪካው ወፍጮ ሥር የጨረሱ ናቸውና ጆሯቸው ደክሟል።

የሟች እህት ዲግና የቡና ሲኒዎቹን ትሪው ላይ አስቀመጠችና «ወጥቼ ልንገራቸው እንዴ?» አለች።

«ተያቸው፣ እውነታቸውን ነው።»

«እውነት ቢሆንስ? ቡናችንን እየጠጡ!»

ኤሊሂዮ ከተቀበረ ሳምንት አልፎታል። ለሟች የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ገና አላበቃም፤ ከሰዓት በኋላ ጸሎት መሪዋ ትመጣለች፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ከጸሎቱ በፊትም በኋላም ወሬው ስለ «ሽመላው» ነው። መንደሩ ያወጣለት ስም ነው፤ ቅልጥመ ረጅም ስለነበር። በዚህች ደሴት፣ በሳን ፔድሮ አካባቢ ቤዝቦል የማይጫወት ወንድ ልጅ የለም፤ እንደ ሽመላው ግን ኳስ ከሰማይ ላይ የሚለቅም አልነበረም ይላሉ። ኤኔይዳ ታዳምጣለች። ስለማታውቀው ሰው የሚያወሩ ይመስላታል። እሷ ከተራራው አገር በትዳር የመጣች ናት፤ ሲያገባት ለአሜሪካኖቹ ፈርሞ ነበር። ሲጫወት አንድም ቀን አላየችውም።

በየመጋቢቱ ይሄዳል፣ በመስከረም ይመለሳል። ያኔ በመንደሩ ስልክ ያለው የቺቾ ሱቅ ብቻ ነበር። እሑድ ሲደውል ዘይት ልትገዛ የመጣችውም፣ ሩም ሊጠጣ የተቀመጠውም ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና። ሙቀት ነው።»

«እዚህም ሙቀት ነው።»

«ናፍቀኸኛል በይው እንጂ፣ አንቺ ሴት!» ይላል ከኋላዋ አንዱ ሞቅ ያለው። ሱቁ በሳቅ ይናወጣል፤ እሷ በእፍረት ስልኩን ትዘጋለች። የዓመቱ ጨዋታቸው ይኸው ነበር።

ከዚያ አንድ ሚያዝያ፣ ልብስ እያጠበች ሳለ፣ ሳይጠበቅ ቦርሳውን ይዞ ከበሩ ላይ ቆመ።

«አሰናበቱኝ፣» አላት።

ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ማዘን ነበረባት፤ አላዘነችም። ደስታዋን መደበቅ አቅቷት በአረፋ እጇ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ቀና ስትል በደስታ የበራ ፊቷን ሲመለከት አየችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ቤዝቦል ቃል አልተነፈሰም። ፋብሪካ ተቀጠረ፣ ልጆች አሳደገ፣ ማታ ማታ ወንበሩን ግቢው ዳር ወስዶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። አጠገቡ ሆና እየናፈቀችው ኖረች።

በመዝጊያው ጸሎት ዕለት፣ ሰው ገና መሰብሰብ ሲጀምር፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ያለው ወፍራም ሽማግሌ እያነከሰ ገባ። ከሰሜን በኩል ሦስት አውቶቡስ ቀይሮ ነው የመጣው።

«ሩፊኖ ፖላንኮ እባላለሁ፣ ዶኛ ኤኔይዳ። ነፍስ ይማር። ከኤሊሂዮ ጋር ለዓመታት በአንድ ቡድን ተጫውተናል።»

«እርስዎም እንደሱ ኳስ ከሰማይ ይለቅሙ ነበር?»

«እኔ እንኳ ቀላቢ ነኝ፣ ከመቺው ኋላ ቁጢጥ የሚለው። ጉልበቴን የበላኝም ቁጢጥ ማለቱ ነው። ሌላው ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ይቆማል፤ ሁሉንም ፊት ለፊት የማይ እኔ ብቻ ነኝ። ኤሊሂዮን ደግሞ ከሁሉም ርቆ፣ መሀል ሜዳ በሚሉት በሩቁ ሣር ላይ።»

ኤኔይዳ ያየችው ጀርባውን ነበር፤ በየዓመቱ አውሮፕላን ማረፊያው በር ውስጥ ሲጠፋ።

«ጎበዝ ነበር?» ብላ ጠየቀች። ይህን ማንንም ጠይቃ አታውቅም።

«ሲይዝ እንደሱ ያለ አላየሁም። ሲመታ ግን...» ሩፊኖ የተጣመሙ ጣቶቹን አየ። «መቺው ጋ ስትደርስ የምትታጠፍ ኳስ አለች። እሷን መምታት አልሆነለትም። እኔም አልሆነልኝም።»

ቡናውን ፉት አለና ብቻውን ፈገግ አለ።

«አንድ ነገር ነበረው። እዚያ ቆሞ አፉ አያርፍም። ማስቲካ የሚያኝክ መስሎኝ ነበር። ከጎኑ የሚቆመው ልጅ ‘ይሄ ሰውዬ ለይቶለታል፣ ብቻውን ያወራል’ አለን። ስንስቅበት ከረምን። አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ያዝኩት። ‘ከማን ጋር ነው የምታወራው?’ ስለው ‘ከኤኔይዳ ጋር’ አለኝ። ‘ስልክ ላይ ሰው ይሰማናል።’»

ኤኔይዳ የያዘችውን ሲኒ አስቀመጠች።

«ምን... ምን ነበር የሚለኝ?»

«የሚያየውን ነዋ። ዛሬ ሣሩን አጭደውታል፣ አንዱ ቢራውን ሚስቱ ላይ ደፋባት፣ ዝናብ እየመጣ ነው። ተራ ነገር።»

«ከመጣ በኋላስ ለምን ዝም አለኝ?»

«እሱን እኔ ምን አውቄ፣ ዶኛ።»

ብድግ አለች። «የት እንደሚቆም ያሳዩኝ።»

«አሁን?» አለች ዲግና ከኩሽናው በር። «ጸሎቱ ሊጀመር ነው! ሰው ምን ይላል?»

«መጣች በያቸው።»

ከፋብሪካው ጀርባ ያለው ሜዳ ባዶ ነበር። ሩፊኖ መቺው የሚቆምበት ቦታ ላይ ቀረና በእጁ ወደ ፊት ጠቆማት። ኤኔይዳ በጥቁር ልብሷ ቀዩን አፈር አቋርጣ ሣሩ ውስጥ ገባች። ዘወር ባለች ቁጥር «ገና ነው፣ ሂጂ» ይላል እጁ። በመጨረሻ ቁሚ አላት። ዞራ ስታይ ሽማግሌው አውራ ጣት አክሏል። የመንደሩ ድምፅ እዚያ አይደርስም፤ ነፋሱ ሸንኮራ አገዳውን ሲያንሾካሹከው ብቻ ይሰማል።

«ይህን ያህል ይርቃል እንዴ?» አለች።

የሚሰማት ሰው አልነበረም። ሻሿን ከራሷ ላይ አወረደችና በእጇ ያዘችው።

«ኤሊሂዮ፣» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ፍየሎች ሜዳው ውስጥ ገብተዋል። ጓደኛህ በድንጋይ ሊያባርራቸው ጎንበስ እያለ ነው፤ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል።»

ፍየሎቹን በዓይኗ ተከተለች። ከዚያ ቀጠለች።