ማጨብጨብ የተከለከለበት አዳራሽ

መምህር መሳይ የሦስት ቀን የራስ መተማመን ሥልጠና ወስዶ ወረቀት ከተሰጠው ወዲህ፣ በስደት በምንኖርበት ካንሳንጋ ሰፈር ያሉ የኛ ልጆች ለመተንፈስ እንኳ አስተማሪ ያስፈልጋቸው ጀመር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዛሂዳ ምግብ ቤት ጀርባ ባለው አዳራሽ አማርኛ ያስተምራቸዋል። ግጥም ከመባሉ በፊት ሰባት ደረጃ አለው። ትከሻ ይነሳል፣ ሳንባ ይነፋል፣ ለግድግዳው ፈገግ ይባላል፣ መስተዋት ፊት «እኔ ገጣሚ ነኝ» አሥር ጊዜ ይባላል፤ ሌላውን ረስቼዋለሁ። ግጥሙን ራሱ ጽፎ ያድላቸዋል። ስለ ፀሐይ መውጣት ነው፣ ሃያ አራት መስመር። ፀሐይዋ እስክትወጣ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የልጅ ልጄ ተስኒም አሥር ዓመቷ ነው። ባለፈው የወላጆች ቀን ሁለተኛው መስመር ላይ ድምጿ ጠፍቶ እያለቀሰች ወረደች። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። ዘንድሮ ደግሞ ቁርጡን ነገረችኝ።

«እማ፣ አሁንም ካፈርኩ አማርኛ በቃኝ።»

እናቷ ከሥራ የምትመጣው ለእንቅልፍ ነው። እኔ እንግሊዝኛ አልችልም። ታዲያ ከማን ጋር ላወራ ነው?

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ግጥም ግን አውቃለሁ። ወሎ ሳለን እህል ስንወቅጥ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቻችን እያጨበጨብን እንቀበላለን። ቃል ከጠፋባት የመጨረሻውን እየደጋገምን እናቆይላታለን፣ እስኪመጣላት። ዝም ያለ ሰው ፊት ብቻውን የሚቆመው ተከሳሽ ነው።

ስለዚህ ማቶኬ የሚሉትን አረንጓዴ ሙዝ ልንልጥ ዛሂዳ ጓሮ ስንቀመጥ፣ ሙጫው እንዳይይዘን እጃችንን ዘይት ቀብተን፣ ተስኒምን መሐል አደረግናት።

«ዛሂዳን በግጥም ስደቢያት» አልኳት።

«ምን ብዬ?»

«ያየሽውን።»

የመጀመሪያው ስድቧ ጨው የለውም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ዛሂዳ ተቀይማ ለተስኒም ነጻ ሳምቡሳ መስጠቱን አቆመች። ያኔ ልጅቷ እንደበሰለች ገባኝ።

መምህሩ ይህን ሰምቶ መጣ። «እማማ ሱልጣና፣ ይሄ የሥራ ዘፈን ነው። ሥነ ግጥም ጸጥታ ይፈልጋል።»

«ሬሳም ይፈልጋል» አልኩት።

የወላጆች ቀን ደረሰ። መምህሩ እስከ መጨረሻው እንዳይጨበጨብ አስጠነቀቀን። ተስኒም ወጣች፤ ትከሻዋን ሰቀለች፣ ፈገግ አለች፣ አንዱን መስመር አለች። ሁለተኛው ላይ ጠፋባት። ውጭ የቦዳ ሞተርሳይክል ጥሩምባ ብቻ ይሰማል። መሳይ ከጥግ «ሳንባሽን ንፊው፣ ንፊው» እያለ ያንሾካሹካል። ልጄ ወደ መውረጃው ማየት ጀመረች።

አጨበጨብኩ።

«እማማ፣ ጭብጨባው መጨረሻ ላይ ነው፣ ይታገሡ።»

«በኔ ዕድሜ መጨረሻ አይጠበቅም።»

ዛሂዳ ተከተለችኝ፤ ከኋላ ያሉት የወሎ ሴቶችም። ያቺን አንድ የፀሐይ መስመር እየተቀበልን አመላለስናት። ተስኒም አየችን። ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ወደ መምህሯ ዞረች፤

«መምህሬ ሳንባዬን ንፊው ንፊው አሉኝ፣
ፊኛ መሰልኳቸው፣ ለልደት ሊሰቅሉኝ።»

አዳራሹ ተገለበጠ። ተቀበልናት። ሌላ አወጣች፣ ሌላም። ፀሐይዋ ሳትወጣ ቀረች፤ የፈለጋትም የለም።

በሳምንቱ መምህሩ ስምንተኛ ደረጃ ጨምሮ ግድግዳው ላይ ለጠፈ፦ ጭብጨባ፣ አሥር ጊዜ። እኔን ስላላማከረ አልቀየምኩም፤ ማንበብ ስለማልችል ያነበበችልኝ ተስኒም ናት። በአማርኛ። ትናንት ደግሞ ስለቀሩኝ ሦስት ጥርሶች አወጣችብኝ። ዛሂዳ የሳምቡሳዋን ቂም ይዛ፣ ከሁሉ አስበልጣ ተቀበለቻት።