የገራፊው ፊት

ሶፋ ሰሪው በፊልሙ ውስጥ ማንን ሆኖ እንደሚሠራ እጮኛው ስትጠይቀው የሰጣት መልስ ውሸት አልነበረም።

«ከሰማዕቱ ጋር ነኝ» አላት። «ከጎኑ አልለይም። እንዲያውም እኔ ባልኖር እሱም ሰማዕት አይሆንም ነበር።»

ነርሷ እጮኛው ይህን ለእናቷ ስትነግር ሶፋ ሰሪውን የሰማዕቱ ታማኝ ደቀ መዝሙር አደረገችው። እናትየዋ በበኩሏ በክርና ቁልፍ ሱቋ ለገባ ለወጣው ስታወራ፣ ደቀ መዝሙሩ መጨረሻ ላይ ከሰማዕቱ ጋር አብሮ የሚሞት ሆነ። ወሬ በሄደ ቁጥር ይወፍራል። እሑድ ከሰዓት በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሲከፈት እናትየዋ አዲስ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ጎረቤቶቿን አስከትላ፣ «የልጄ እጮኛ ሲሞት ልናይ ነው» እያለች በደስታ ገባች።

ሰውየውን በቅጡ አታውቀውም። አንድ ጊዜ ልጇ ቤት ይዛው መጥታ፣ አንገቱን እንደደፋ ሻይ ጠጥቶ፣ አንገቱን እንደደፋ ወጥቷል። «ጨዋ ይመስላል» ብላ ነበር ያን ቀን። «መምሰልና መሆን ግን ለየቅል ናቸው። ፊልሙን ልይና ቁርጡን እነግርሻለሁ።» ባል የሞተባት ሴት ናት፤ ያለቻትም ያቺው አንዲት ልጅ ናት። ልጅቱ ደግሞ የእናቷን ይሁንታ ሳታገኝ የሠርግ ቀን እንደማትቆርጥ ለሶፋ ሰሪው በግልጽ ነግራዋለች።

ስለዚህ ሶፋ ሰሪው እጮኛውን መሃል አድርጎ ከእናትየዋ አጠገብ ሲቀመጥ ጨንቆት ነበር። እውነቱን አሁን እነግራቸዋለሁ፣ አሁን እነግራቸዋለሁ ሲል መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙን የሠሩት የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች ናቸው። አዘጋጁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ሲሆን፣ ተመልካች ካላለቀሰ ፊልም ተሠራ አይባልም ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ደሙን ከቀይ ስርና ከሽሮፕ በባልዲ አስበጥብጦታል። መጀመሪያ ላይ ግን ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር፤ ሰማዕቱ ይጸልያል፣ በጎች ያልፋሉ፣ ዋሽንት ይነፋል። እናትየዋ ወደ ልጇ አዘነበለች።

«የታለ?»

«ይመጣል፣ እማዬ።»

«ቆየ እኮ። ደግሞ እንዲህ የሚያስጠብቅ ደቀ መዝሙር አይቼ አላውቅም።»

በዚህ ጊዜ ሰማዕቱ የታሰረበት የወህኒ በር ተበረገደና ትከሻው የሰፋ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ ሰው ጅራፉን እየጎተተ ገባ። ከአዳራሹ ሰው አንድም ያወቀው አልነበረም። ነርሷ ግን ክንዱን አወቀችው። ወደ ጎን ዞር ብላ ሶፋ ሰሪውን አየችው፤ እሱ ጣሪያውን ያያል።

ግርፋቱ ተጀመረ። አዘጋጁ ምንም አላሳጠረም። ጅራፉ ሲወርድ አዳራሹ በአንድ ላይ «እህ!» ይላል፤ ሲነሳ ይተነፍሳል። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ልጆቹ በጣቶቹ መሃል አጮለቁ። አንዲት ሴትዮ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ኧረ የሕግ ያለህ! ውሃ እንኳ ስጡት!» ብሎ ጮኸ።

«ፊልም ነው እኮ፣ ጎበዝ» አለ ከኋላ አንድ ወጣት።

«ዝም በል! አንተም ከነሱ ወገን ነህ!» አሉት በአንድ አፍ።

እናትየዋ ከሁሉም ብሳ ተነሳች። ሻርፗን ከአንገቷ ፈትታ በጡጫዋ ጨብጣ፣ ሌላውን እጇን ፊልሙ ወደሚታይበት ግድግዳ ዘረጋች።

«ያን እጁን እግዜር ይስበረው!»

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ሶፋ ሰሪው ፊልሙን ተገጣጥሞ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሲቀረፅ ዛሬ እጁን፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ የሌላውን ጀርባ ነው የሚያነሱት፤ ቁርጥራጭ ነው። አሁን ግን ሰው ሰውን ሲገርፍ አየ። ዕንባው ጉንጩ ላይ ወረደ፤ ራሱንም ረሳ። እሱም ከልቡ፣ ጮክ ብሎ «አሜን!» አለ።

ነርሷ በክርኗ ጎሰመችው። «አንተ! በራስህ ላይ ነው እኮ አሜን የምትለው!»

«እ?»

የፊልሙ መጨረሻ ላይ የተዋንያኑ ፎቶ አንድ በአንድ ይወጣ ጀመር። ገራፊው ጢሙን ግማሽ ነቅሎ፣ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ ታየ። መብራት በራ። እናትየዋ አንገቷን ቀስ ብላ አዞረች፤ ከሷ ጋር የአዳራሹ አንገት ሁሉ ዞረ።

ግቢው ውስጥ ሕዝቡ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሰማዕቱን ሆኖ የሠራው የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ጥላ ሥር ወንበር ተሰጥቶት፣ ሴቶች ከበውት፣ ጀርባውን ያሹለታል። እሱም ከአዳራሹ ሲወጣ እያነከሰ ነበር።

«አሁንም ያምሃል?»

«ትንሽ» አለ ሹፌሩ ዓይኑን ጨፍኖ።

ሶፋ ሰሪው ሰው ጥሶ ደረሰበት። «አንተ ከሃዲ! እኔ የገረፍኩት ትራስ መሆኑን ንገራቸው እንጂ!»

ሹፌሩ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «በናትህ አትበጥብጥ። ኬክ ሊያመጡልኝ ነው።»

ሶፋ ሰሪው ባለበት በኩል ግን ሰው ሸሸ። ሶፋ ያዘዘው ደንበኛው እንኳ በሩቁ አንገቱን ነቅንቆ አለፈ። እናትየዋ ብቻ ቀጥ ብላ መጥታ ፊቱ ቆመች፤ ልጇ ተከተለቻት።

«ፊልም መሆኑን አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም» አለችው። «ጢሙ የውሸት ነው፣ ደሙም የውሸት ነው። ያ ፊት ግን? ፊት ከሱቅ አይገዛም። ከየት አመጣኸው?»

«እማማ፣ እኔ...»

«ነገ ቤትህ ሆነህ ብትናደድ ልጄ የምታየው ያንን ፊት አይደለም ወይ? እሱን መልስልኝ። ከመለስክልኝ ልጄን ውሰድ፤ ካልመለስክልኝ አንገትህን ስለደፋህ አላምንህም።»

ሶፋ ሰሪው አንገቱን ቀና አደረገ። «መጀመሪያ ላይ አቅቶኝ ነበር» አላት። «ጅራፉን ባነሳሁ ቁጥር ትራስ እየመታሁም ሹፌሩን ‹አመመህ?› እለዋለሁ፤ አዘጋጁ ፀጉሩን ይነጫል። በኋላ ‹ከሥራህ የምትጠላው ምንድን ነው?› አለኝ። አቧራ አልኩት። የአሮጌ ሶፋ ጨርቅ ከመቀየሬ በፊት አቧራው እስኪያልቅ በዱላ እመታዋለሁ። አፌን ካልገጠምኩ ይገባል፤ ዓይኔን ካላጠበብኩ ያሳውረኛል። ካሜራው ፊት ሶፋ ነበር የማራግፈው፣ እማማ። ያ ፊት የአቧራ ፊት ነው።»

እናትየዋ ሻርፗን አንገቷ ላይ መልሳ ጠመጠመች።

«እኔ ያየሁትን አይቻለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንተም ያልከውን ብለሃል። እንግዲህ ና አሳየኝ። ቤቴ ያለው ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ተራግፎ አያውቅም።»

ቤቷ ከአዳራሹ ሩቅ አልነበረም፤ ሕዝቡም ሁለተኛውን ፊልም በነጻ ሊያይ ተግተልትሎ ተከተላቸው። ሶፋው ከባድ ነበርና ሹፌሩ ሳያስበው አንዱን ጫፍ አንስቶ በሩጫ ወደ ግቢው አወጣው።

«ጀርባህ ተሻለህ እንዴ?» አለችው ጀርባውን ሲያሹት ከነበሩት አንዷ።

ሹፌሩ ደንግጦ በሌላኛው እግሩ አነከሰ።

ሶፋ ሰሪው ያረጀውን ጨርቅ ገፈፈ፤ እጅጌውን ሰበሰበ፤ የመጥረጊያ እንጨት ተቀብሎ አነሳ። ገና ሲመታው አቧራው እንደ ጭስ ግቢውን ሞላው። ከንፈሩ ተገጠመ፤ ዓይኑ ጠበበ፤ መንጋጋው ወጣ።

«እሱው ነው! ራሱ ገራፊው!» የሚል ጩኸት ከአጥሩ ማዶ ተሰማ።

ፖስተኛው አጥሩ ላይ ተንጠላጠለ። «አይዞህ፣ ሶፋ! እንዳትክድ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ነርሷ ሆዷን ይዛ ግድግዳ ተደገፈች። እናትየዋ ግን አልሳቀችም። ሰውየውን ዞረችው፤ ከግራ አየችው፣ ከቀኝ አየችው፣ ጎንበስ ብላ ከሥር አየችው።

«አቧራ ነው ትላለህ?»

«አቧራ ነው።»

«አምጣ እንጨቱን።»

መጀመሪያ የመታችው አፏን ከፍታ ነበር፤ አቧራው ገብቶ እስክትደክም አሳላት። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና አነሳች። አሁን አፏን ገጠመች፤ ዓይኗን አጠበበች፤ መታችው። ደገመችው። በዚያ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ቤቷ ያመሸ እንግዳ ሁሉ ያወረሳትን አቧራ አንድ በአንድ የምታስወጣ ይመስል ወረደችበት። ሻርፗ ተፈታ፤ ጥርሷን ነከሰች። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ አንድ ሕፃን የእናቱን ቀሚስ ያዘ።

«እማዬ!» አለች ነርሷ ስልኳን አውጥታ ፎቶ እያነሳች። «እማዬ፣ በቃ! ፊትሽን ብታይው!»

እናትየዋ እንጨቱን እንደያዘች ስልኩ ላይ አጎነበሰች። ፎቶውን አራቀችው፣ አቀረበችው።

«ይቺ ጨካኝ ደግሞ ማን ናት? እጇን ይስ...»

አፏን በመዳፏ ከደነችው። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ያለቀሰች መሰላቸው። ኋላ ግን ሳቋ በጣቶቿ መሃል አምልጦ ወጣ፤ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ጨርቅ በሌለው ሶፋ ላይ ዘፍ አለች፤ አቧራው ደግሞ ከሥሯ ቡን አለ።

«ልጄ» አለችው ዕንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። እንዲህ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። «ያ የረገምኩህ ቃል ይቅር። እጅህ ይባረክ። ቀኑን መቼ ነው ያሰባችሁት?»

ሶፋ ሰሪው ሊመልስ አፉን ከፈተና አስነጠሰው። ደግሞ አስነጠሰው።

«ሶፋው ሲያልቅ» አለች ነርሷ በእሱ ፈንታ።

እናትየዋ ብድግ አለችና እንጨቱን አቀበለችው። «ታዲያ ምን ትቆማለህ? ያኛውን ጎን አልነካነውም እኮ።»