የፕሪንተሩ ሆድ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ይጠቅማል» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጣለት የገዛ አፉ ነው። የታጠፈ ብሎን፣ ክንፉ የተሰበረ ማራገቢያ፣ ፊደሎቹ የረገፉ ኪቦርድ፣ ብቻ ምንም አሳዩት፣ «ይጠቅማል» ይላል። ኑሯችንም ይኸው ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ያረጁ ዕቃዎቻቸውን ሲያስወግዱ እንገዛለን፣ እንፈታለን፣ መዳቡን ከአሉሚኒየሙ ለይተን እንሸጣለን። መፍታቱ የእሱ ነው፣ መከራከሩ የእኔ። እሱ ለብቻው ገበያ ከወጣ ዕቃውን ሽጦ ሸሚዙን መርቆ ነው የሚመለሰው።

ሁለት ሕጎች አሉን፤ ሁለቱንም ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ እኛ ቤት አያድርም። ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ ይፈነዳል፣ እሳቱም እንደ ሌላው እሳት በውሃ የሚመለስ አይደለም። ፕሪንተር ደግሞ አይፈታም፤ ውስጡ ያለው የቀለም ዱቄት አንዴ እጅ ከያዘ ሳሙና አያስለቅቀውም። እኔማ በጣቴም አልነካቸውም። ፕሪንተሮች እንዳሉ ቁርጥራጭ ወደሚጨፈለቅበት ወደ መጭመቂያው ግቢ ይሄዳሉ። ያ ግቢ ለይጠቅማል ገነት ነው። ዕቃ ልናደርስ ሄደን ከቁርጥራጭ ክምሩ መሀል እጁን ይዤ ጎትቼ ነው የማወጣው። መጭመቂያውን የሚያንቀሳቅሰው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ያን ቀን ጥግ ላይ የተደረደሩትን ፕሪንተሮች ወደ መጭመቂያው የሚወስደው መኪና የሚመጣው በማግስቱ ነበር፤ እኔ ሾፌሩን ጨቅጭቄ አስቀደምኩት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ፕሪንተሮቹ ተጭነው ከሄዱ በኋላ ይጠቅማል አንድ ባልዲ አሸዋ ተሸክሞ ገባ። ባዶውን ጥግ አይቶ ደርቆ ቀረ።

«እዚህ የነበረው ትልቁ ፕሪንተር የት ሄደ?»

«ወደ መጭመቂያው። ምነው፣ ሳትሰናበተው ሄደብህ?»

አልሳቀም። ያኔ ነው እጆቹን ያየኋቸው። እስከ ክርኑ ጠቁረዋል።

«ከላፕቶፕ ያወጣኋቸው ያበጡ ባትሪዎች ሆዱ ውስጥ ናቸው» አለ። «የምቀብርበት አሸዋ እስካመጣ ነበር። አንቺ ፕሪንተር እንደማትነኪ ስለማውቅ... ደህና ደህናውን መርጬ... ይጠቅማል ብዬ...»

ስልኬን አንስቼ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ሥራ ሲገባ ስልኩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ጆሮውን ደፍኖ ነው። የግቢው በር ስልክም ተይዟል። ወንድሜ የሚቆመው ከማሽኑ አፍ በላይ ነው። እዚያ አንድ ነገር ቢፈነዳ ፊቱ ላይ ነው።

ሞተር ብስክሌቱ ላይ ከይጠቅማል ኋላ ተፈናጠጥኩ፣ ባልዲውን ታቀፍኩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ወንድሜ አንድ ነገር ቢሆን አንድ ጣሪያ ስር አላድርም!» ብዬ ጆሮው ላይ ጮህኩ።

«ለእኔስ ወንድሜ አይደል?» አለ።

መብራት ያዘን። ሲለቀን ደግሞ አንድ አውቶቡስ መንገዱን ዘግቶ ሰው ያወርዳል። ይጠቅማል፣ በዕድሜው ቀይ መብራት ጥሶ የማያውቅ ሰው፣ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ነዳው። የሰው ስድብ ከኋላችን ቀረ። እኔም እስክንደርስ ድረስ ከስድቡ አልቦዘንኩም።

ዘበኛው «ወዴት ነው?» ሳይል አልፈነው ገባን። ማጓጓዣው ቀበቶ የእኛን ፕሪንተሮች ተራ በተራ እያቀረበ ነበር። ትልቁ ከማሽኑ አፍ ሊገባ ጥቂት ቀርቶታል። ወንድሜ ከላይ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ጮህኩ፤ ማን ይስማኝ! ሮጬ ቀዩን ማቆሚያ በመዳፌ መታሁት።

ቀበቶው ተንገጫግጮ ቆመ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እትዬ! ምን ሆናችሁ ነው?» ወንድሜ እየዘለለ ወረደ።

ይጠቅማል ባልዲውን ይዞ ተጠጋ። ቀበቶው ላይ ወጣ፣ የፕሪንተሩን ክዳን ከፈተ፣ ያበጡትን ባትሪዎች እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ አሸዋው ውስጥ ቀበራቸው። ወንድሜ ባልዲውን አየ፣ ቀና ብሎ የቆመበትን ቦታ አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

የግቢው አለቃ መጣ። እዚያ ግቢ ባትሪ ደባልቆ የላከ ሰው ዳግመኛ በሩን አይረግጥም፤ ለማንም አይታለፍም።

«ማነው ይሄን የከተተው?»

ይጠቅማል አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ።»

ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። መንገዱን ሁሉ ስረግመው የመጣሁት ሰውዬ እንዴት አሳዘነኝ? ግን ያ ክምር ከተከለከለ ይጠቅማል ምን ይሆናል? እቤት ተቀምጦ ይደርቃል። እወደዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

አለቃው አላመነኝም። ወደ ወንድሜ ዞረ። «እውነቷን ነው?»

ወንድሜ እጆቼን አየ። ንጹሕ ናቸው። ከዚያ የባሌን እጆች አየ። ሊሞት የነበረው እሱ ነው፤ እውነቱን ቢናገር ማን ይፈርድበታል?

«እሷ ናት» አለ። ዓይኔን ሳያይ ጆሮውን መልሶ ደፈነና ወደ ቦታው ወጣ።

ዘበኛው እኔን ከበሩ ውጭ አድርጎ ዘጋው። ይጠቅማል ባልዲውን ይዞ ተከተለኝ። ሞተሩን ማስነሳት አቅቶት ቆመ።

«ለምን ዋሸሽ?» አለኝ።

«ይጠቅማል ብዬ» አልኩት።

ከዚያ መንገዱ ዳር ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።