ኮፍያዬ ራሴ ላይ ነው

አይ፣ ዳገቱ አይደለም፣ ይሄን ዳገት ሃያ ሁለት ዓመት ወጥቼዋለሁ፣ የት ጋ እንደሚያለፋኝ የት ጋ እንደሚለቀኝ መቀመጫዬ ይነግረኛል፣ እንቅልፍም አይደለም፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እጄ የባቡሩ መንጃ እጀታ ላይ ነው፣ አሁን አሥር ሰዓት ሊሞላ ነው፣ ወገቤ አልቋል፣ ግን እኔ እንቅልፍ ሲመጣብኝ አውቀዋለሁ፣ መጀመሪያ የሚደነዝዘው ጆሮዬ ነው። ጆሮዬ ደህና ነው። ሞተሩ ደህና፣ ሐዲዱ ደረቅ፣ ሠላሳ አንድ ፉርጎ ሲሚንቶ፣ የለመድኩት ሸክም፣ ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚከብደኝ፣ የሆነ ነገር ልብሴን ይዞ ወደ ኋላ እየጎተተኝ ነው።

አረንጓዴ፣ ጋሼ። አረንጓዴ፣ እላለሁ እኔም። ረዳቴ ናት፣ እያንዳንዱን ምልክት ጮክ ብላ ትጠራለች፣ እኔ እደግማለሁ፣ ሥራችን እንዲህ ነው። የሁለት ልጆች እናት፣ ትንሹ ትኩሳት ይዞት ሌሊቱን ቆማ አድራ ነው የመጣችው፣ ዓይኗ ቲማቲም መስሏል፣ አንድም ምልክት ግን አላመለጣትም። ሐሙስ የሾፌርነት ፈተና አላት። ታልፋለች፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እሷ ከወደቀች እኔ ወደቅሁ ማለት ነው፣ እኔ ደግሞ ወድቄ አላውቅም። ጉራ ነው? ይሁና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ፋይሌ ላይ አንዲት የቀይ ብዕር ጭረት የለም፣ እኔ ካልጎረርኩ ማን ይጎርር።

ኩርባው ጋ ስደርስ መስተዋቱን አያለሁ፣ ሁልጊዜ አያለሁ፣ ባቡሩ ከነጅራቱ የሚታየው እዚህ ብቻ ነው።

ጭስ። ሁለተኛው ፉርጎ ሥር፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ። ጋሼ፣ የጋለ ብረት ይሸታል። ይሸታል፣ አዎ፣ የእጅ ፍሬኑ ታስሮ ነው የመጣነው። ቀስ አድርጌ አቆማለሁ፣ እሷ ጓንቷን አጥልቃ ቆማለች፣ ሮጠች፣ ከመስኮቱ ሆኜ አያታለሁ፣ የፍሬኑን መዘውር በሁለት እጇ እየፈታችው ነው፣ ፈታችው። እሳት የለም። ተመስገን፣ እሳት የለም።

ግን እንዴት ሊሆን ይችላል፣ እኛ ደንብ አለን፣ ያወጣሁትም እኔ ራሴ ነኝ፣ የእጅ ፍሬን ያሰረ ሰው ኮፍያውን አውልቆ ሾፌሩ እጀታ ላይ ይሰቅላል፣ ሲፈታ ተመልሶ ያነሣዋል፣ እጀታው ላይ ኮፍያ እያየ ባቡር የሚያስነሣ ዕብድ የለም። ሌሎቹ ኮፍያ ሰቃዮች እያሉ ይስቁብናል፣ ይሳቁ፣ አሥራ አራት ዓመት እኛ ጋ አንድም ፍሬን ታስሮ ሄዶ አያውቅም። እስከ ዛሬ።

ተመለሰች፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ጋሼ፣ እኔ ነኝ፣ ጠዋት ያሰርኩት መሆን አለበት፣ መፍታቴን እንጃ፣ ጭንቅላቴ እኮ የለም ዛሬ።

አይደለሽም፣ እላለሁ በልቤ። ጠዋትማ ፈትተሻል፣ ኮፍያሽን ስታነሺ አይቻለሁ። እና ማን፣ እና መቼ፣ ቆይ፣ ቅድም የመንገደኛውን ባቡር ልናሳልፍ ቆመን፣ እሷ ትንሽ ረፍ በይ ብያት መስኮቱን ተደግፋ አሸልባ፣ ቦታው ቁልቁለት፣ ልቤ አልረጋ ብሎ፣ አልቀሰቅሳትም፣ ምን ችግር አለው፣ ራሴ ወረድኩ፣ መዘውሩን አሥራ አንድ ዙር። ቆጥሬዋለሁ። አሥራ አንድ። ከዚያ ወጥቼ ተቀመጥኩ። ኮፍያዬስ? ራሴ ላይ። አሳሪውም እኔ አስነሺውም እኔ፣ ለራሴ ኮፍያ እሰቅላለሁ እንዴ፣ ብዬ። ውሸታም። ምክንያቱ እሱ አይደለም። ራሰ በራ ስለሆንክ ነው፣ አንተ ሰውዬ፣ ደንቡን ስታወጣ ሾፌር ፍሬን አያስርም ብለህ ነበር ያወጣኸው፣ ይሄ ሁሉ ዓመት አንዱም የሥራ ባልደረባህ አናትህን አላየም፣ ፀሐይ አይስማማኝም ትላለህ፣ በዝናብ ቀንም ፀሐይ አይስማማህም።

ሬዲዮው ይንጫጫል። ተቆጣጣሪው ነው፣ ለምን እንደቆምን ይጠይቃል፣ እነግረዋለሁ፣ ሁለተኛው ፉርጎ፣ የእጅ ፍሬን። ያሰረችው ረዳትዎ ናት አይደል፣ ይላል፣ መጻፍ ጀምሯል፣ የወረቀቱ ድምፅ ይሰማኛል።

ማሰር መፍታት የረዳት ሥራ ነው። ማንም አይጠይቅም። ስሟ ከተጻፈ የሐሙሱ ፈተና ቀረ፣ ለዓመት፣ ደንቡ እንደዚያ ነው፣ የኔ ፋይል ደግሞ እንደነጣ ጡረታ ይወጣል። እሷ ወለሉን እያየች ነው። እሷ ናት ይበሏቸው ጋሼ፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ የእርስዎ ስም አይበላሽ።

እግዜር ይይልሽ፣ ጭራሽ አምናዋለች እኮ፣ ያላሰረችውን አሰርኩ ብላ አምናለች፣ እኔን ከምትጠረጥር ራሷን መጠርጠር ቀለላት፣ ይህን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ ማለት ነው፣ አፈርኩ፣ በደንብ አፈርኩ። ድምፄ ግን አይንቀጠቀጥም፣ ሬዲዮ ላይ ተንቀጥቅጦ አያውቅም፣ ዛሬም አይጀምርም።

ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሳልፈታ ያስነሣሁትም እኔ ነኝ። ረዳቴ በፈቃዴ አርፋ ነበር።

ተቆጣጣሪው፣ እርስዎ? እኔ፣ ጻፍ፣ ስሜን አሳምረህ ጻፍ። ይጽፋል። የጋለው ብረት እስኪቀዘቅዝ ቁሙ፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ሃያ ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ይላል። ሃያ። የእግረኛ ጉዞ ነው፣ ቤት ስደርስ እራቱ ሁለቴ ይሞቃል፣ ሚስቴ ትቆጣለች፣ ትቆጣ።

ረዳቴ አፍንጫዋን በክንዷ ትጠርጋለች፣ ጓንቷን ታነሣለች፣ ቦታው ተዳፋት ነው፣ ሁለተኛው ግሏል፣ የሦስተኛው ፉርጎ ፍሬን መታሰር አለበት። ተቀመጪ። ግን ጋሼ የኔ ሥራ። ተቀመጪ አልኩሽ፣ አንቺ ምልክቱን ጠብቂ።

ወርጄ መዘውሩን አዞራለሁ፣ አሥራ አንድ፣ ደክሞኛል፣ መድከም ነውር አይደለም፣ መሰላሉን እወጣለሁ። እጀታው እዚያ ነው። እጄ ወደ አናቴ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል።

ሰቀልኩት።

ነፋሱ አናቴን ሲነካኝ ይሰማኛል፣ ታየኛለች፣ አናቴን፣ ኮፍያውን፣ እንደገና አናቴን፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትውጣለች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ምልክት በምትጠራበት ድምፅ፣ ኮፍያ አለ፣ ጋሼ።

ኮፍያ አለ፣ እላለሁ እኔም።