አማቷ ፊት

ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ ልጆቼ፤ ወንድሜ በሕይወት ሳለ ከአፌ ያላወጣሁትን ልንገራችሁ።

ወንድሜ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል የልጁ ሚስት ቀኑን ሞላችለት። «ረዳቴ» ነበር የሚላት። እሷም ከገበታ መነሳት ስትፈልግ «ወራጅ አለ!» ትልና በሳቅ ትገድለዋለች። እንዲህ ይቀላለዱ እንጂ እሷ በጣም ታፍረው ነበር፤ እሱ ፊት ማስነጠስ እንኳ ይጨንቃታል።

አንድ ቀን ሆዷን ቆረጣት። የወር አበባዋ ድሮም ስለሚያማት ያው እሱ ነው ብለን ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ያዝንላት። ማስመለስ ጀምሯት አላቆም ሲላት ግን ወንድሜና እኔ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበር።

ወጣቱ ሐኪም ሆዷን ዳበሰ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላት አያውቅም፣ አንጀት የሚይዝ የድሮ ጠባሳ የለም። «ፈስ ይወጣሻል?» አላት። ወንድሜ እጇን ይዞ ራስጌዋ ቆሟል። ቀና ብላ አየችውና «አዎ» አለች። ሐኪሙም እንግዲያው አንጀቷ አልተዘጋም ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ አስተኛት።

በማግስቱ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ወንድሜ ውሃ ሊገዛ ወጣ ሲል ጎንበስ አስደረገችኝ።

«እቴቴ፣ ዋሽቻለሁ። ከታመምኩ ጀምሮ ምንም አልወጣኝም። አባባ ቆሞ እንዴት ብዬ...»

ሮጬ ለሐኪሞቹ ተናገርኩ። ወዲያው ሲቲ ስካን አነሷት። ቀዶ ሐኪሟ የአንገት ልብሴን ዘርግታ አስረዳችኝ፤ ማህፀንን ግራና ቀኝ የሚይዝ እንዲህ ያለ ስስ መጋረጃ አለ፣ የእሷ መጋረጃ ላይ ቀዳዳ አለ፣ አንጀቷ በዚያ ሾልኮ ታንቋል። ከስንት ሴት አንዷን የሚያገኝ ነገር ነው አለች። «ትናንት ቢሆን...» ብላ የአንገት ልብሴን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

አልጋዋን እየገፉ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ወደ ወንድሜ ዞረች።

«አባባ፣ ወራጅ አለ።»

«ፌርማታሽ ገና ነው፣ ረዳቴ» አላት።

አንጀቷ ሞቶ ነበር። መርዙ ደሟ ውስጥ ገብቶ ልጅቷ ሳትነቃ ቀረች።

ወንድሜ እስኪሞት አንድ ነገር ይደጋግም ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አዎ ብላዋለች፣ ታዲያ ሐኪሙ ምን ነካው ይላል። ከዚያ ይረጋጋና «እኔ እንደሆነ ከአጠገቧ ንቅንቅ አላልኩም» ይለኛል። የሚጽናናው በዚያች ብቻ ነበር። እንዴት ብዬ ልንጠቀው?

እናንተ ግን የታመመችን ሴት ሐኪም ሲጠይቃት ዞር በሉላት፤ የወለዳችኋትም ብትሆን። አደራ፣ ይቺን አትርሱብኝ።