የማይዋሱት ወርቅ

ልጆቼ፣ የእኔ ሀብል ከእኔ አንገት ይልቅ የሰው አንገት ያውቅ ነበር። ከደሴ ይዤው የመጣሁት፣ ስዳር ባሌ የሰጠኝ የመህሬ ወርቅ ነው። እዚህ አሜሪካ ኮሎምበስ ሠርግ በተደገሰ ቁጥር ግን ሙሽራዋ ትዋሰው ነበር፤ እምቢ ማለት ነውር ነው።

በኮቪዱ ጊዜ ኦቤትስ ያለው የምሠራበት ዌርሃውስ የሥራ ሰዓት ቀነሰብኝና ለቤት ሬንት አጠረኝ። ወርቅ ቤት ብወስደው ሀብል ተቆርጦ አይሸጥም፤ ወይ ሙሉውን ወይ ምንም። ሸጥኩት። ሬንቴን ከፍዬ በተረፈው የወርቅ ሳንቲም ልግዛ አልኩ።

ሳንቲም ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ የሚያምር ሣጥን ውስጥ የተኛ፣ ሥዕሉ የሚያስደንቅ ሳንቲም ነው። «ለሥዕሉ አልከፍልም በለው» አልኩት ልጄን ኢምራንን። ቀጥሎ አንድ ትልቅ አሳየን። እኔ ትንንሾቹን መረጥኩ።

«ማሚ፣ ትንንሹ እኮ በግራም ሲሰላ ይወደዳል!» አለኝ ኢምራን።

«ይወደድ! የቸገረኝ ቀን አንዷን ሰጥቼ ሌሎቹን አስቀራለሁ።»

ባንክ ሣጥን ተከራይቼ ከታሸጉበት ፕላስቲክ ጋር ቆለፍኩባቸው። ጉልበቴ የከዳኝ ቀን የሚጦሩኝ እነሱ ናቸው።

በዓመቱ ወዳጄ ሳሊሃ እዚሁ ቅርብ ካለው ከሬይኖልድስበርግ መጣች። ልጇን ፍርዶስን ልትድር ነው።

«እትዬ ሞሚና፣ ያንን ሀብል ፈልጌ ነበር።»

«ሸጥኩት። የወርቅ ሳንቲም ገዛሁበት።»

«የመህርዎን?» ደነገጠች። ወዲያው ግን ሳቀች። «ምን ችግር አለው! ቀለበት አስበይደን ክር ላይ እንሰካቸዋለን።»

«የተበየደ ሳንቲም ገዢው እንደ ስብርባሪ ነው የሚያየው። አይነኩም!»

«ለአንድ ቀን እኮ ነው!»

«ሀብሌም ለአንድ ቀን ነበር የሚወጣው። መጨረሻ ላይ ማያያዣው ተሰብሮ መጣ። ማን ሰበረው ብል፣ ሁሉም «እኔ አይደለሁም»።»

«ሰው ነፈገች ነው የሚልዎት። ባዶ አንገትዎን ሠርግ ሊመጡ ነው?»

«እመጣለሁ! ያውም ፊት ነው የምቀመጠው!»

መጣሁም፣ ፊት ተቀመጥኩም። ሳሊሃ ካናል ዊንቸስተር ከምትኖር ሴት ሀብል ተውሳ ኖሮ፣ ሙሽራዋን ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ማያያዣውን ስትነካካ አመሸች። እህል እንኳን አልቀመሰችም፣ የኔ እናት።

አጠገቤ የነበረች ሴት «እትዬ፣ ወርቅዎስ?» አለችኝ።

ሳሊሃም እንድትሰማ ጮክ አልኩ፦ «እርጅናዬን እየጠበቀልኝ ነው!»

ከዚያ ሻሼን አጥብቄ እስክስታ ወረድኩ። ባዶ አንገት ለእስክስታ እንዴት እንደሚመች ብታዩ!