የባሌ አሥር ዓረፍተ ነገሮች

ባሌ ከእኔ ጋር ሲሆን ያንሾካሹካል፤ ከልጅቷ ጋር ሲሆን ድምፁ ኮሪደር ያቋርጣል። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ቅናት ያስያዘኝ ይኸው ነው። ልጅቷ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ናት። ሥራዋ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ቅናት ሥራና ጨዋታ አይለይም።

ፓርኪንሰን የሚሉት የነርቭ በሽታ ቤታችን ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ኮት ሲቆርጥ መስመር የማይስተው እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እኔ እጅ ሆንኩለት፤ ድምፁ ሲሰልል ደግሞ አፍ። ሸሚዙን እኔ እቆልፋለሁ፣ ሥጋውን እኔ እቆርጣለሁ፣ ስልክ ሲደወል እኔ አነሳለሁ። ሰው እንዴት ነህ ሲለው እንኳ «ደህና ነው፣ እንቅልፉ ብቻ ነው ያስቸገረው» ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችን «እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል» ሲሉኝ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

ታላቋ ልጃችን ለዚህ በሽታ ብቻ የተቋቋመ ክሊኒክ አግኝታ ስትወስደን ነገሩ ተለወጠ። የነርቭ ሐኪሙ ኪኒኑን በየሰዓቱ ከፋፈለለት። ነርሷ ደግሞ እኔን ለብቻዬ አስቀምጣ፣ «እንቁላል፣ ሥጋና ወተት ኪኒኑ በወጉ እንዳይሠራ ያደርጋሉ፤ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀደም ብለው ይስጧቸው» አለችኝ። ክው አልኩ። ለካ ስንት ዓመት ሙሉ እንዲበረታልኝ ብዬ ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ከኪኒኑ ጋር ስሰጠው እግሩን የማስረው እኔው ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሌላ ሰው ሆነ። በሽታው አልሄደም፤ እሱ ግን አብሮት መኖር ቻለበት። ማለዳ ማለዳ በእግሩ ይሄዳል፣ በጊዜ ይተኛል፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሱቁ ገብቶ ጨርቅ ይቆርጣል። ደስ አላለኝም ማለት አልችልም። ግን ዓርብ ዓርብ፣ በልጅቷ ቀን፣ ራሱ ተላጭቶ፣ ሩብ ሰዓት ፈጅቶ ሸሚዙን ከቁልፎቹ ጋር ሲታገል ሳየው አንጀቴ ያርር ነበር። «ልርዳህ?» ስለው ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚለው አይሰማኝም። «እሺ» ያለኝ እየመሰለኝ እጄን እሰዳለሁ።

ክሊኒኩ ስንደርስ እሱና ልጅቷ ገብተው በሩን ይዘጋሉ። እኔ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ቦርሳዬን አቅፌ ጆሮዬን እቀስራለሁ። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ግን ይመጣል፣ ስንጋባ የነበረው ድምፅ። አንዳንዴም ይሳሳቃሉ። «ምን ስትሉ ነበር?» ስለው «ልምምድ ነው» ብሎ ይዘጋኛል። አንድ ቀን ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት ብቅ ብሎ አየሁና ልስበው ስል ቀደመኝ። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጁ እንዴት እንደፈጠነ እስካሁን ይገርመኛል።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት እንቁላሉን ጠበስኩ፣ ወተቱን አሞቅኩ፣ ኪኒኑን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩ። ረሳሁ ብል ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እንዲቀር ፈልጌ ነበር፤ አንዲት ዓርብ እንኳ ለእኔ እንድትሆን። እሱ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየኝ። ኪኒኑን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ሐኪሙ ሰዓቱን ለውጦት ይሆናል ብሎ አስቦ መሰለኝ፤ ኪኒኑን ውጦ በላ።

ይቀራል ስል አልቀረም። የክሊኒኩ ኮሪደር መሃል ላይ ስንደርስ ግን እግሩ ተተከለ። ቢገፋ ቢስብ አልነቀል አለው። ልጅቷ ሮጣ መጣች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ሆነው ነው? ኪኒኑን ስንት ሰዓት ላይ ወሰዱ?»

«እንደታዘዘው፣ ከቁርስ አንድ ሰዓት በፊት» አልኩ እኔ፣ እንደ ልማዴ ቀድሜ። ባሌ አንገቱን አዙሮ አየኝ።

«ችግር የለም፣ እዚሁ እንሠራለን» ብላ ወንበር አምጥታ ከእኔ ጎን አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ እያንዳንዱ ታካሚ ቤት ውስጥ በየቀኑ ሊናገራቸው የሚፈልጋቸውን አሥር ዓረፍተ ነገሮች መርጦ በሙሉ ድምፅ ይለማመዳል። ጋሼ ዘጠኝ ጽፈዋል፤ አሥረኛው ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመጣላቸውም።»

ባሌ ወረቀቱን ዘረጋ፣ ደረቱን ነፋ፣ አነበበ።

«ተዪው፣ እኔ እቆልፈዋለሁ። ስልኩን እኔ ላንሳው። ቢላዋውን ስጪኝ። ሰው ሲጠይቀኝ እኔ ልመልስ።»

ዘጠነኛው ጋ ሲደርስ ፊቴ እሳት ሆኗል። ዘጠኙም ለእኔ ነበሩ። ለሌላ ሴት የሚሰጠው የመሰለኝ ድምፅ እኔን «ተዪኝ» ለማለት የሚጠራቀም ነበር። ያም ሆኖ ቀናሁ፤ እኔ ያልሰማኋቸውን እሷ ስንት ዓርብ ሰምታቸዋለች።

«አሥረኛውስ፣ ጋሼ?»

ወረቀቱን አጥፎ ወደ እኔ ዞረ። «እንቁላሉን ሆን ብለሽ ነው?» አለኝ፣ በዚያው ድምፅ። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ቀና ቀና አሉ።

«አዎ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። ካላስፈለግኩህ ምን ልሆን ነው ብዬ ፈራሁ።»

ፊቱን ቋጠረ። የተቀየመ ሰው ፊት ነበር፤ አርባ ዓመት አብሬው ስኖር አውቀዋለሁ። ልጅቷ ልትሄድ ስትል በእጁ አስቀራት።

«አሥረኛውን ጻፊልኝ» አላት። «ከነገ ጀምሮ ኪኒኑን የምይዘውም፣ ቁርሱን የምሠራውም እኔ ነኝ።»

ጻፈችለት። ተቀብሎ ቃል በቃል ለእኔ አነበበልኝ።

«ቁርሱን ለስንት ሰው?» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ፊቱን ሳይፈታ፣ «ለሁለት» አለኝ።